ከልብ ዙሪያ የተቀዳውን ውሃ አትድፉት፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታሎቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ደሞም ዎርድና ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አጥታችሁ ለምታገለግሉ ሐኪሞችና ነርሶች በሙሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ብዙ ሳልዞር ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምለምናችሁ ነገር ከባድ አይደለም፣ ማሽን ግዙ ወይ ሕንፃ ሥሩ አላልኩም። አንድ ሰው ልቡ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ በመርፌ ሲቀዳለት ያ ውሃ ለፓቶሎጂ (ሴልን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ክፍል) ሳይላክ እንዳይደፋ በመመሪያ ይደንገግልን። የቲቢ መድሃኒት የተጀመረለት ሰው ደሞ፣ በተለይ አክታው ላይ ምንም ሳይገኝበት በራጅና በምልክት ብቻ የተጀመረለት፣ 2ኛው ወር ሲሞላ ካልተሻለው "ሌላ በሽታ ይሆን እንዴ" ተብሎ የግድ እንደገና ይታይልን። ይኸው ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ግን ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነበር፣ የሃይስኩል ፊዚክስ አስተማሪ፣ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ የማያውቅ፣ ጫትም የማይቅም ልጅ። ሳል ጀመረው፣ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ሱሪው በቀበቶም አልያዝ አለ። ራጅ ተነሳ፣ ሳንባው ላይ ጥላ አለ ተባለ። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ ምርመራ ታይቶ ኔጋቲቭ ነው፣ ቢሆንም ምልክቱ ሁሉ ቲቢ ስለሚመስል መድሃኒቱን ጀመሩለት። በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ እውነቴን ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ቲቢ በብዛት ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፣ የሚያስል፣ የሚያልበውና የከሳ ወጣት ሲመጣ መጀመሪያ ቲቢን ያላሰበ ሐኪም ነው ሊወቀስ የሚገባው። እኔን የሚያንገበግበኝ ቲቢ መባሉ ሳይሆን ቲቢ ከተባለ በኋላ ጥያቄው እዚያው መዘጋቱ ነው። ካርዱ ላይ አንዴ ከተጻፈ በኋላ የሚያየው ሁሉ ያንኑ ነው የሚገለብጠው፣ ሳሉ ሲብስበት "መድሃኒቱን በትክክል እየወሰድክ ነው?"፣ ሲከሳ "ምግብ ላይ በርታ"፣ ትንፋሽ ሲያጥረው "ሳንባህ ተጎድቶ ስለነበር ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል"።

ከዚያ ጋደም ማለት አቃተው። ትራስ ደራርበን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው፣ እግሩ አበጠ፣ አንገቱ ላይ ያለው የደም ስር ተገትሮ ይታያል። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ሲሠራለት ልቡ ዙሪያ ብዙ ውሃ ተገኘ። ይሄም የቲቢ ነው ተባለና ፕሬድኒሶሎን የሚባል መቆጣትን የሚያበርድ መድሃኒት ተጨመረለት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ፣ ምክንያቱም እኛን ያዘናጋን ይሄ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ልጁ ተሻለው! ምግብ በላ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ሳቀም። እናቴ ስለቷን ለማስገባት ቤተክርስቲያን ሄደች። ለካ ያ መድሃኒት ቲቢ ሆነም አልሆነም የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ትኩሳት ያበርዳል፣ ሊምፎማ የሚባለውን ካንሰር ደሞ ለጊዜው ጭርሱኑ ያሸሸዋል፣ ስለዚህ በፕሬድኒሶሎን ተሻለው ማለት ቲቢ ነበር ማለት አይደለም። ይህን ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ አንድ የካንሰር ሐኪም (ኦንኮሎጂስት) ቁጭ አድርገው ሲያስረዱኝ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወንድሜ በሌሊት ድንገተኛ ገባ። ግፊቱ ወርዷል፣ ልቡ በጣም ይሮጣል፣ ፊቱ ጠቁሯል። አንድ ወጣት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) እዚያው አልጋው ላይ ከደረቱ ስር በመርፌ ገብቶ ውሃውን ቀዳለት፣ የወንድሜን ነፍስ ያኔ ያተረፈው እሱ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። የወጣው ፈሳሽ ቀይ ስር የተቀቀለበት ውሃ ነው የሚመስለው፣ በትልቅ ሲሪንጅ እየተሳበ የሽንት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከረጢቱ እየሞላ ሲሄድ ልጁ ትንፋሹ እየተመለሰ ዓይኑን ሲገልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ በአንዲት ቀጭን ቲዩብ ተቀድቶ ለፕሮቲን፣ ለስኳርና ለሴል ቆጠራ ላቦራቶሪ ተላከ። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ከረጢቱን ይዛ ሄዳ ሽንት ቤት ደፋችው። እሷ ምን ታድርግ፣ ማንም አትድፊው አላላትም። እኔም ቆሜ እያየሁ ነበር፣ ያ ፈሳሽ ለወራት ስንፈልገው የነበረውን መልስ ይዞ እንደነበረ ማን ነግሮን።

ውሃው ተመልሶ ሞላ፣ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከስር ያለው በሽታ እስካልተነካ ድረስ መመለሱ አይቀርም። ሁለተኛው ሲቀዳ ሌላ ሆስፒታል ነበርን፣ የቀዳችው ዶክተር ከረጢቱን አገላብጣ አየችውና ትልቅ ጠርሙስ አስመጥታ ሞላችው፣ ስሙንና ካርድ ቁጥሩን በፕላስተር ላይ ጽፋ ለጠፈችበት፣ የሪኩዌስት ወረቀቱ ላይ "የቲቢ መድሃኒት እየወሰደ ያልተሻለው፣ ካንሰር እንዳይሆን ይታይልን" ብላ ጻፈች፣ ከዚያ ለኔ ሰጠችኝና "ፓቶሎጂ ሳይዘጋ ሩጪ" አለችኝ። ሮጥኩ። መልሱ የካንሰር ሴል አለ የሚል ነበር።

እንግዲህ ሳንባ ላይ የተነሳ ዕጢ ልብ ጋ እንዴት እንደሚደርስ የማያውቅ ወገን ብዙ ስለሆነ፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ ሐኪሞቹ ያስረዱኝን በራሴ አፍ ላስቀምጠው። ልብ በቀጭን ከረጢት የተሸፈነች ናት፣ በልቧና በከረጢቱ መሃል ለማለስለሻ የምትሆን ጥቂት ፈሳሽ አለች። የሳንባ ዕጢ አንድም ጎረቤት ስለሆነ በቀጥታ እያደገ ከረጢቱን ይነካዋል፣ አንድም በሊምፍ መስመር ወደ ኋላ ተጉዞ ከረጢቱ ላይ ይዘራል፣ አንድም በደም ተጭኖ የልብ ጡንቻ ውስጥ ይገባል፣ አንድም ደሞ ከሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ስር ተከትሎ እየተሳበ ግራው የላይኛው የልብ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። የመጨረሻው በተለይ አስፈሪ ነው፣ ከዕጢው ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየው ስትሮክ ይመታዋል፣ እናም ወጣት ልጅ ያለምክንያት ግማሽ ጎኑ ሲዝል ኢኮ ሳይሠራለት መሸኘት የለበትም።

ካንሰር ልብ ላይ አይወጣም የሚባል ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ሲል ሰምቻለሁ። ከልብ ራሷ የሚነሳ ካንሰር እውነትም በጣም ብርቅ ነው፣ ከሌላ ቦታ ተነስቶ ልብ ጋ የሚደርሰው ግን ከዚያ ከ20 እጥፍ በላይ ይበዛል። በካንሰር የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከ10 ሰው ባንዱ ገደማ ልብ ወይ ከረጢቱ ላይ ደርሶ ይገኛል፣ ከዚህ ሁሉ ደሞ ከሳንባ የሚመጣው በብዛት ግንባር ቀደም ነው። ታዲያ በሕይወት እያለ የማይታወቀው ለምንድነው ካላችሁ፣ አንደኛ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፣ ሁለተኛ ምልክት ሲኖረው ከኛ አገር በሽታዎች ጋ ይመሳሰላል። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ቲቢም ያመጣዋል ካንሰርም ያመጣዋል፣ በዓይን አይለይም። ውሃው ቀስ ብሎ ከተጠራቀመ ከረጢቱ እየተለጠጠ ከ1 ሊትር በላይ ይይዛል፣ በፍጥነት ከመጣ ግን 200 ሚሊ እንኳ ሳይሞላ ልብን አፍኖ ሊገድል ይችላል፣ ስለዚህ "ውሃው ትንሽ ነው" ተብሎ ቸል የሚባል ነገር የለም።

አሁን የፈሳሹ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ። ስለ ልብ ከረጢት ፈሳሽ የተሠራ ጥናት ካንሰር እንዳያመልጥ ከ60 ሚሊ ሊትር በላይ ለሳይቶሎጂ፣ ማለትም ሴል በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ምርመራ፣ መላክ አለበት ይላል። 60 ሚሊ ማለት አንድ የሻይ ስኒ አይሞላም። እኛ ጋ የሚላከው 5 ሚሊ ወይ 10 ሚሊ ነው፣ ቀሪው ይደፋል፣ ከዚያ "ሳይቶሎጂ ኔጋቲቭ" ይባላል፣ ታማሚውም ኔጋቲቭ ተብሎ ወደ ቲቢው ይመለሳል። በቂ ፈሳሽ ተልኮ እንኳ አንዴ ኔጋቲቭ መጣ ማለት የለም ማለት አይደለም፣ እንደገና ከተቀዳ እንደገና መላክ አለበት፣ እሱም አልሆን ካለ ሰርጀኖች በትንሽ ቀዳዳ ከረጢቱን ሲከፍቱ ቁራጭ ቆርጠው ባዮፕሲ ይልካሉ፣ በዚያውም ውሃው ተመልሶ እንዳይጠራቀም መውጫ ያበጁለታል። የቲቢው ምርመራም አብሮ ከዚያው ፈሳሽ ላይ ይሠራ፣ ጂን ኤክስፐርትም አዴኖዚን ዲአሚኔዝ የሚባለውም፣ ማንም ቲቢን ተዉት አላለም፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። እኔ የምለው ከአንድ ጠርሙስ ሁለቱንም መጠየቅ እየተቻለ አንዱን ብቻ ጠይቆ ሌላውን ሽንት ቤት መድፋት ይቁም ነው።

የተረፈው ፈሳሽ ተጨምቆ በፓራፊን ይደርቅና ብሎክ ይሆናል፣ ከዚያ ብሎክ እየተሸረፈ ልዩ ልዩ ቀለም ይቀባል፣ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይሉታል፣ ካንሰሩ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ነው። የወንድሜ ብሎክ እዚህ በተገኙት ቀለሞች ሲታይ ዓይነቱ አልለይ አለ። ከዚያ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ብሎኩን በጥጥ ጠቅልለን በመድሃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርገን ወደ ጀርመን በሚሄድ መንገደኛ ላክነው፣ በርበሬና ሽሮ እንደሚላከው። የዘመድ ልጅ ተቀብላ ለላቦራቶሪ ሰጠችልን። መልሱ ሲመጣ "ነት ካርሲኖማ" የሚል ነበር፣ ወንድሜ ግን ከተቀበረ ሳምንታት አልፈውት ነበር።

ነት ካርሲኖማ በጣም ብርቅ ዕጢ ነው። ሁለት ጂኖች ተቆርጠው አለቦታቸው ሲጣበቁ የሚነሳ ነው፣ ከሲጋራ ጋ ግንኙነት የለውም፣ ወጣቱንም ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ይይዛል፣ ሳንባና ደረት መሃል ሲነሳ እየተስፋፋ ወደ ልብ ከረጢት መድረሱ አይገርምም። ፍጥነቱ ለጉድ ነው፣ ከታወቀ በኋላ የሚኖረው እድሜ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ወር ገደማ ነው። እናም ልዋሽ አልፈልግም፣ ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት ቢታወቅለት ኖሮ ድኖ ዛሬ ክፍል ውስጥ ያስተምር ነበር ብዬ አልከራከርም፣ አሜሪካም ጀርመንም ቢሆን ይህ በሽታ አስቸጋሪ ነው። ግን እሱን የሚለየው ምርመራ እኮ አንድ ቀለም ነው፣ ነት የሚባለውን ፕሮቲን የሚቀባ አንድ አንቲቦዲ፣ ሴሉ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ አበቃ፣ ታወቀ። ያንን አንድ ብልቃጥ አንድ ማዕከል ላይ ብናስቀምጥ የስንት ቤተሰብ ጥያቄ መልስ ያገኝ ነበር።

ደሞም ወሳኙ ነገር ይሄ ነው፦ ወንድሜን የመሰለ ታሪክ ይዘው የሚመጡ ሁሉ ነት ካርሲኖማ የለባቸውም። ብዙዎቹ ሊታከም የሚችል ነገር ነው ያለባቸው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ላይ የሚወጣው የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ የሚባሉ የጂን ለውጦች ይኖሩታል፣ ለነዚህ በአፍ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ ልብ ከረጢት ላይ ደርሶ እንኳ ክኒኑን ጀምረው ውሃው ቆሞላቸው ለዓመታት የሠሩ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከነዚህ ክኒኖች ኤርሎቲኒብን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ማለትም ቅንጦት አይደለም ብሎታል። እና አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልጨምር፣ የቲቢው መድሃኒት ሪፋምፒሲን እነዚህን ክኒኖች ጉበት ውስጥ ቶሎ አቃጥሎ አቅማቸውን ያሳጣቸዋል። ቲቢ የሌለበት ሰው "ለማንኛውም ይጨርሰው" ተብሎ ሪፋምፒሲን ላይ ከቀጠለ የሚያድነውን ክኒን ቢያገኝ እንኳ በደንብ አይሠራለትም ማለት ነው። "ለማንኛውም" የምንለው ነገር ዋጋ አለው ለካ።

ሌሎችም አሉ። ካርሲኖይድ የሚባለው የሳንባ ቱቦ ዕጢ ለዓመታት አስም ተብሎ በኢንሄለር ይታከማል፣ እሱ የሚረጨው ሆርሞን አንዳንዴ የልብ በሮችን ያደድራል፣ ግን በጊዜ ተገኝቶ በቀዶ ጥገና ከወጣ፣ ዝግተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አለ። ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ዋናው የደም ስር ውስጥ የሚበቅል ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ደሞ አለ፣ ሲቲ ላይ ልክ የረጋ ደም ነው የሚመስለው፣ ሰውየው ደም ማቅጠኛ ለወራት ይወስዳል ምንም አይቀንስም፣ እግሩ ላይ የረጋ ደም የለም፣ ይከሳል፣ ያተኩሰዋል፣ ያኔ "ይሄ የረጋ ደም አይደለም" ብሎ መጠርጠር ነው። በደም ስሩ ተስቦ ልብ የገባ ዕጢም ቢሆን ሌላ ቦታ ካልተሰራጨ ከሳንባው ጋ አብሮ የልብ ግድግዳ ተቆርጦ የሚወጣበት ኦፕሬሽን አለ፣ በልብና ሳንባ ማሽን ታግዞ፣ ለተመረጡ ሰዎች። ሁሉንም እዚህ ማከም አንችል ይሆናል፣ ግን የበሽታውን ስም ሳናውቅ "ምንም ማድረግ አይቻልም" ማለት ከየት የመጣ ነው?

የሚቻለውን ልናገር እስኪ። ውሃውን ሲቀዱ ቀጭን ቱቦ ለጥቂት ቀን ትቶ እስኪደርቅ ማፍሰስ ይቻላል፣ እንዲያ ሲሆን ቶሎ አይመለስም። በቱቦው በኩል ብሊዮማይሲን ወይም ሲስፕላቲን የሚባሉትን የካንሰር መድሃኒቶች ከረጢቱ ውስጥ መስጠት ይቻላል፣ ሁለቱም አዲስ መድሃኒት አይደሉም። ኢኮ ማሽን ባለበት ቦታ በየሳምንቱ ማየት ይቻላል። ትንፋሽ ሲያጥረው የሚጨነቅ ሰው ሞርፊን በትንሽ መጠን ቢሰጠው ያርፋል፣ ወንድሜ የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች አየር እያጣ ሲቃትት ሞርፊን የጻፈለት ሰው አልነበረም፣ "ትንፋሹን ያቆመዋል" ብለው ፈሩ፣ በልኩ ሲሰጥ ግን ለዚህ ጭንቀት የተመሰከረለት መድሃኒት ነው። ሐኪሞች እባካችሁ ይህንን አትፍሩት፣ ቀሪው ሁሉ ባይሆን እንኳ ሰው ታፍኖ አይሙት።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሚኒስቴሩ የቲቢ መመሪያ አለው፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ጤና ባለሙያ ሁሉ የሚያከብረው። እዚያ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ አክታው ላይ ባክቴሪያ ያልተገኘበት ታማሚ 2 ወር ወስዶ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ራጁ ካልጠራ ወይ ትንፋሹ ከባሰ መድሃኒቱን አስቀጥሎ መሸኘት ሳይሆን ሲቲ ወዳለበት ሪፈር ይጻፍለት። ለሆስፒታሎች ደሞ ልብን ወይ ሳንባን በሚቀዱበት ክፍል ሁሉ 100 ሚሊ የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ የሳይቶሎጂ ሪኩዌስት ከፕሮሲጀር ፎርሙ ጋ አብሮ ይታተም፣ ሬዚደንቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደክሞት እንዳይረሳው። ሌሊት ፓቶሎጂ ዝግ ከሆነ ጠርሙሱ ፍሪጅ ይግባና ጠዋት ይላክ፣ ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ የሚያስፈልገው ለጽዳት ሠራተኞችም ለነርሶችም አንዴ መንገር ነው። ያ ዕለት ሁለተኛውን ጠርሙስ የሞላችው ዶክተር ያደረገችውን የምታደርገው በራሷ ጥንቃቄ ነበር፣ የሌላው ታማሚ ዕድል ግን እሷ ተረኛ በመሆኗና ባለመሆኗ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ብሎኩስ? ብሎክ የታማሚው ነው፣ ቤተሰብ ሲጠይቅ በደረሰኝ ይሰጠው፣ እኛ ለማውጣት የጻፍነው ማመልከቻና የተመላለስንበት ቢሮ ለጠላትም አይስጥ። ከዚህ ይልቅ ግን አንድ ብሔራዊ የፓቶሎጂ ማዕከል ይሰየምና ከየክልሉ ያልተለዩ ብሎኮች እዚያ ይሰብሰቡ፣ ብርቅ ለሆኑት ዕጢዎች የሚያስፈልጉት አንቲቦዲዎች እዚያ ብቻ ይገዙ። ብርቅ በሽታ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ብርቅ ነው፣ ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ላለው አገር ግን ብርቅ አይደለም። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ቲቢ ተብሎ የተቀበረ ሰው የትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋል? ወንድሜ የካንሰር ሴል ተገኝቶበትም እስከ መጨረሻው ካርዱ ላይ ቲቢ ነበር። ጨረር ላይ ስንት ዓመት መላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳን ብቻ ይዛ ስትሰለፍ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ እየሰፋ መሆኑ ደስ ይላል፣ ግን ጨረርም ኬሞም ቢመጣ በሽታው ካልተለየ ምን ላይ ይሰጣል፣ ፓቶሎጂ ተረሳ ወገን።

አንድ ሌላ ነገር ልተንፍስ፣ ይሄ ለሐኪሞችም ለኛ ለቤተሰብም ነው። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ዶክተሩ እኔንና ታላቅ ወንድማችንን ኮሪደር ጠርተው ነገሩን፣ ለሱ እንዳይነገር ተባባልን፣ ልማዳችን ነው፣ ይደነግጥብናል፣ ተስፋ ይቆርጥብናል እንላለን። እሱ ግን ሪፈር ወረቀቱን አልጋው ጫፍ ላይ አግኝቶ አንብቦታል። ፊዚክስ አስተማሪ ነው እኮ፣ እንግሊዝኛ ያነባል። ለሁለት ቀን ምንም አላለንም፣ ከዚያ ሲስተሯን ጠርቶ "እነሱ እንዳይከፋቸው እኔ ማወቄን አትንገሪያቸው" ብሏት ኖሯል፣ ካረፈ በኋላ ነው የነገረችን። እኛ ለሱ ስንደብቅ እሱ ለኛ ሲደብቅ፣ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ፣ ጠበል ይሂድ ወይ ሆስፒታል ይቆይ፣ ማንን ማየት እንደሚፈልግ፣ ሊነግረን የፈለገውን ሁሉ ሳይነግረን ሄደ። ሰው የራሱን በሽታ የማወቅ መብት አለው። እንዴት እንደሚነገር ለሐኪሞች ሥልጠና ይሰጥ፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳይሆን ቁጭ ብሎ፣ ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቆ።

ቤተሰብ ለሆናችሁ፣ አሁን ይህን እያነበባችሁ ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚያድር ሰው ላላችሁ፦ የቲቢ መድሃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ቲቢው እውነትም ቲቢ ከሆነ ማቋረጥ ይገድላል። ግን ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። "ዶክተር፣ አክታው ላይ ተገኝቷል ወይስ በምልክት ነው የጀመራችሁለት?" በሉ። ውሃ ሲቀዳ "ለካንሰር ተልኳል ወይ? ምን ያህል ተላከ?" በሉ። ሲዲውንም፣ ራጁንም፣ የኢኮ ወረቀቱንም አንድ ፌስታል ውስጥ በቀን በቀኑ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሆስፒታል ስትቀይሩ ታሪኩ ከዜሮ እንዳይጀምር። ተኝቶ መተንፈስ ያቃተው፣ አንገቱ ላይ ስሩ የተገተረ፣ ግፊቱ የወረደ ሰው ካለ ደሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ውሰዱት። እናቶቻችንን አትርሱ፣ እድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ ውስጥ ያሳለፉ፣ የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የተመደበ ነው፣ አላጨሰችም ተብሎ ካንሰር ከሐሳብ አይውጣ።

ውጭ አገር ላላችሁ የኛ ፓቶሎጂስቶች፣ ኦንኮሎጂስቶችና ካርዲዮሎጂስቶች፣ በዋሽንግተንም በስዊድንም በጀርመንም በእስራኤልም፣ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ስላይድ በስካነር ተነስቶ በኢንተርኔት ይነበባል፣ ብሎክ በመንገደኛ ሻንጣ መላክ አያስፈልግም ነበር። በሳምንት አንድ ምሽት ከአገር ቤት ሐኪሞች ጋ ቁጭ ብላችሁ ያልተለዩትን አብራችሁ ብታነቡ፣ ሚኒስቴሩም ለዚህ የሚሆን አንድ ስካነርና አንድ ኃላፊ ቢመድብ፣ ከማንኛውም የገንዘብ መዋጮ ይበልጥብናል። ፈቃደኛ የሆኑ እንዳሉ አውቃለሁ፣ የወንድሜን ውጤት ያስረዱኝ ዶክተር አንዱ ናቸው።

ይህንኑ ደብዳቤ አትሜ ሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት ገቢ አደርገዋለሁ፣ የሁለቱን ቀዳጅ ሆስፒታሎች ስም የማልጠቅሰው ሰው ለማሳጣት ስላልተነሳሁ ነው፣ ኃላፊዎቹ ከጠየቁኝ ግን ካርዱንም ወረቀቱንም ይዤ ቀርቤ አስረዳለሁ። መልስ ካገኘሁ ለሁላችሁም አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
እህቱ
አዲስ አበባ